ዶክተር ጄምስ ናይስሚዝና ባለቤታቸው

ተማሪዎች! የአንድ አሠልጣኝ ዋጋ በምን ይለካል? ምናልባት ቡድኑ ባሸነፈባቸው ግጥሚያዎች ብዛት ነው ትሉ ይሆናል። ይሁን እንጂ የቅርጫት ኳስን ጨዋታ የፈለሰፉትን የዶክተር ጄምስ ናይስሚዝን የሕይወት ታሪክ ስታነቡ፣ መልሳችሁን እንደገና ማጤን እንደሚገባችሁ ትገነዘባላችሁ።

ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1861 በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው እናትና አባታቸው በአንጀት ተስቦ ስለሞቱባቸው ያደጉት በዘመድ እጅ ነበር። ዩኒቨርስቲ ከጨረሱ በኋላ፣ በ1890 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በስፕሪንግፊልድ ከተማ ወደሚገኘው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በዚያም መምህር ሆኑ። ክረምቱ ከሜዳ ያስቀራቸው ተማሪዎች ዘወትር በሚደጋገመው የሰውነት ማጠንከሪያ ትምህርት ተሰላችተው ስለነበር፣ በአዳራሽ ውስጥ የሚካሄድ አዲስ ጨዋታ እንዲፈጥሩ ታዘዙ። ናይስሚዝም 13 ሕግጋት ጻፉ፤ ሁለት የኮክ ቅርጫቶችንም በአዳራሹ ሁለት ጫፎች ከፍ አድርገው ሰቀሉ። በዲሴምበር 1891፣ 18 ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው አጫወቱ። ጨዋታው በአማርኛ የሚጠራበት ስም ዛሬም ያንኑ ቅርጫት ያስታውሰናል።

በሚቀጥለው ዓመት የከተማይቱ ሴቶችም መጫወት ጀመሩ። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሴት ተጫዋቾች አንዷ ማውድ ሸርማን ነበሩ። ሁለቱ በ1894 ተጋብተው አምስት ልጆች ወለዱ። ስለሆነም ወይዘሮ ማውድ የባላቸውን ሥራ የሚያውቁት በወሬ ሳይሆን ራሳቸው ሮጠውና ኳስ ወርውረው ነበር።

ናይስሚዝ የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው በ1898 ወደ ካንሳስ ዩኒቨርስቲ ሄዱ። እስከ 1907 ድረስ ቡድኑን ሲያሠለጥኑ 55 ጊዜ አሸንፈው 60 ጊዜ ተሸነፉ። ከፈጠሩት ጨዋታም ሀብት አላገኙበትም፤ ቤተሰባቸው የሚኖረው በመምህር ደመወዝ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ አገር ወታደሮችን ሲያገለግሉ፣ የቤቱ ኃላፊነት በወይዘሮ ማውድ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ታዲያ የናይስሚዝ ውጤት ወዴት ይገኛል? በ1933 ጆን ማክሌንደን የሚባል ጥቁር ተማሪ ወደ ዩኒቨርስቲው ገባ። በቆዳው ቀለም ምክንያት በቡድኑ ውስጥ እንዳይጫወት ቢከለከልም፣ ናይስሚዝ አማካሪው ሆነው አስተማሩት። ማክሌንደንም ውሎ አድሮ ከታላላቅ የአሜሪካ አሠልጣኞች አንዱ ለመሆን በቃ።

የቅርጫት ኳስ በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሜዳልያ ውድድር ሲቀርብ፣ የአሜሪካ አሠልጣኞች ገንዘብ አዋጥተው ናይስሚዝን ወደዚያ ላኩ። የመጀመሪያውን ኳስ ወደ ላይ ወርውረው ውድድሩን የከፈቱት እርሳቸው ነበሩ። ወይዘሮ ማውድ ግን በሕመም ምክንያት መጓዝ ስላልቻሉ ይህን ክብር በዓይናቸው አላዩም። በ1937 ዐረፉ፤ ናይስሚዝም በ1939 ተከተሏቸው።

ልብ በሉ! የበርሊን ጭብጨባ ከመሰማቱ በፊት 42 ዓመት አልፎ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ፣ ድሉ ከሽንፈቱ ሲያንስም ሆነ ባል ባሕር ማዶ ሲርቅ፣ ወይዘሮ ማውድ ከጎናቸው አልተለዩም። የሕዝብ ምስጋና ሥራው ከታወቀ በኋላ ይመጣል፤ የትዳር ጓደኛ አክብሮት ግን ሥራው ከመታወቁ አስቀድሞ አለ። እንግዲህ እናንተም የአስተማሪያችሁን ወይም የአሠልጣኛችሁን ዋጋ ስትመዝኑ፣ ከግጥሚያው ውጤት ባሻገር ማንን ለምን እንዳበቃ፣ ሸክሙንም ማን እንደተጋራው ጠይቁ።