ሴባስቶፖል የተጐተተበት አቀበት

ከታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ተነሥቶ በሞተር ብስክሌት ወደ ደጋው የሚወጣ ሰው፥ ወሩ ጥቅምት ከሆነ፥ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ማቆየት ይቸግረዋል። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ጠርቷል፤ ገብሱ አሽቷል፤ ገደሉም ከጥግ እስከ ጥግ ወለል ብሎ ይታያል። እኛ ጥቂት ተማሪዎች ይህን ጕዞ ባደረግን ጊዜ ነፋስ መውጫን አልፈን ጨጨሆ ላይ ስንደርስ ከሞተሮቻችን አንዱ ስለ ጋለ፥ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አፋፉ ላይ ተቀመጥን። በዚያ ቦታ የተነሣው ወሬ ሁሉ ስለ አንድ ሰው ነበር፤ ይኸውም በዚሁ አቀበት፥ በዚሁ የመጸው ወራት፥ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን መድፍ ስላስጐተቱት ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ነው።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። ሸፈቱ፤ በ1845 በአይሻል ራስ ዓሊን፥ በ1847 በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረጉና ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ይህን ሁሉ አንባቢያችን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስለሚያውቀው አናረዝመውም።

እኛን የሚያስደንቀን የጋፋት ነገር ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በዚህች መንደር ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ አውሮፓውያን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ነበሩ። ንጉሡ ግን መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። አናውቅም ቢሉም አልለቀቋቸውም። እየሠሩ እያበላሹም ተማሩና፥ በ1859 ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ፈሰሰ።

መድፉ ሲወለድ ግን መንግሥቱ አልቆ ነበር። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ይዘዋል፤ ላስታ የዋግሹም ጎበዜ ነው፤ እስረኞቹን ለማስፈታት የእንግሊዝ ጦር ሊመጣ ነው። በመስከረም መጨረሻ 1860 ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጕዞ ጀመሩ። መድፉ በሠረገላ ላይ ተጭኖ በመቶ በሚቈጠር ሰው ይሳባል፤ መንገድ ስላልነበረም ዐለቱ በባሩድ እየተሰበረ፥ ገደሉ እየተደለደለ ይኬዳል። ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። እኛ ማርሽ እየቀየርን ለወጣነው ዳገት እነሱ ሳምንታት ፈጅተውበታል።

ከመካከላችን የጋይንት ተወላጅ የሆነው ጓደኛችን ግን በአድናቆታችን አልተባበረንም። ያ ሠራዊት የበላው የማንን እህል ነው ብሎ ጠየቀን። እውነቱን ነው፤ በጌምድር በዚያ ዘመን ተዘርፏል፥ ተቃጥሏል፤ ጎንደርም በ1859 ነዳለች። ገበሬውም በበኩሉ ከጦሩ ወደ ኋላ የቀረውን ሁሉ ይገድል ነበር። መንገዱን ያስጠረጉት እጆች ጎተራውንም ያስቃጠሉት ናቸው። አንዱን ተርከን ሌላውን ለመተው የፈለግን ነበርን፤ ጓደኛችን ግን አላስቻለንም። ክርክሩም ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ሳይቀር ቀጠለ።

ስድስት ወር ያህል ከተጓዙ በኋላ፥ በመጋቢት 1860 መድፉ መቅደላ ደረሰ። የሚያሳዝነው፥ ንጉሡ በዋድላ በኩል የቈፈሩት መንገድ ለጠላታቸውም መጥቀሙ ነው፤ ከዙላ ተነሥቶ በላስታ በኩል የመጣው የጀኔራል ናፒየር ጦር ቤተ ሖር ላይ ይህንኑ መንገድ አገኘና የጅጣን ገደል በዚያው ወረደ። በስቅለት ዕለት፥ ሚያዝያ 3 ቀን፥ በአሮጌ ጦርነት ተደረገ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ንግሥት ቪክቶሪያ ቀድሞ በላከችላቸው ሽጕጥ ራሳቸውን ገደሉ።

እንግሊዞች ዘውዱንና የብራና መጻሕፍቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ሄዱ። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ነው። አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ ብዙዎቻችን በየቀኑ በታክሲ የምናልፈው እሱን ነው።