ቀበቶውን 25 ጊዜ ያላስነጠቀው ጆ ሉዊስ

በቦክስ ወዳጆች መሀል የማያልቅ ክርክር አለ፤ ከከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖች ሁሉ የሚበልጠው ማነው? አንዱ መሐመድ አሊ ይላል። ሌላው 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49ኙንም ያሸነፈውን ሮኪ ማርሲያኖን ይጠራል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን መልሴ ጆ ሉዊስ ነው። ምክንያቴን ላስረዳ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሉዊስ በ1914 አላባማ ውስጥ፣ በሰው መሬት ላይ ጥጥ ከሚያመርቱ ጥቁር ቤተሰቦች ተወለደ። በ1926 ቤተሰቡ ኑሮ ፍለጋ ወደ ዲትሮይት ሄደ። ልጁ ቡጢ የተማረው እዚያ ነው፤ በ1934 ፕሮፌሽናል ሆነ።

በዓመቱ፣ ጁን 25 ቀን 1935፣ ኒውዮርክ ውስጥ ከግዙፉ ጣሊያናዊ ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተገናኘ። ይቺ ግጥሚያ እኛንም ትነካለች። ጊዜው ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር የሚዘጋጅበት ስለነበር፣ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ግጥሚያውን ያዩት ኢትዮጵያና ጣሊያን እንደተፋለሙ አድርገው ነው። ሉዊስ በስድስተኛው ዙር አሸነፈ። ሦስት ወር እንዳለፈ ወረራው ተጀመረ።

በ1936 ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ በ12ኛው ዙር ዘረረው። ሉዊስ በ1937 ጄምስ ብራዶክን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1938 ደግሞ ሽሜሊንግን በ124 ሰከንድ ብቻ ጨርሶ ብድሩን መለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚያከራክረው። ሉዊስ ቀበቶውን 25 ጊዜ ተከላክሏል፤ ወደ 12 ዓመት ገደማ ይዞታል። የሚተቹት ሰዎች ተጋጣሚዎቹ ደካሞች ነበሩ ይላሉ። የዘመኑ ጋዜጠኞችም በየወሩ አንድ የማይረባ ሰው ይቀርብለታል እያሉ ይቀልዱ ነበር። እውነት ነው፣ ከዲሴምበር 1940 እስከ ጁን 1941 ሰባት ጊዜ ተጋጥሟል። ግን እስቲ አስቡት፤ ከእሱ በፊት የነበረው ብራዶክ ቀበቶውን ሁለት ዓመት ሲይዝ አንድ ጊዜም አልተከላከለም። ደግሞስ ከሰባቱ የመጨረሻው ቢሊ ኮን ምኑ ደካማ ነው? እስከ 12ኛው ዙር በነጥብ ይመራ ነበር፤ ሉዊስ በ13ኛው ባይዘርረው ኖሮ ቀበቶው ሄዶ ነበር።

የማርሲያኖ ደጋፊዎች የ1951ን ግጥሚያ ያነሳሉ። አዎ፣ ማርሲያኖ በስምንተኛው ዙር ዘርሮታል። ሉዊስ ግን 37 ዓመቱ ነበር፣ በ1949 ጓንቱን ሰቅሎም ነበር። ታዲያ ምን መለሰው? በ1942 የሁለት የሻምፒዮና ግጥሚያ ገቢውን ለባሕር ኃይልና ለምድር ጦር መረዳጃ ሰጠ፤ ራሱም ወታደር ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ግን መንግሥት ከባድ የግብር ዕዳ ጠየቀው። ዕዳውን ለመክፈል በ1950 ወደ ሪንግ ተመለሰ።

መዝገቡ 66 ድልና 3 ሽንፈት ይላል። ከሦስቱ ሁለቱ፣ የኤዛርድ ቻርልስና የማርሲያኖ፣ የመጡት ከተመለሰ በኋላ ነው። እኛ ነገ ስለ ስፖርት የምንጽፍ ሰዎች ቁጥሩን ብቻ ቆጥረን ከተውነው፣ እነዚህ ሁለት ሽንፈቶች የጉልበት ማነስ ይመስሉናል። እኔ ግን የዕዳ ሽንፈት ነው የምላቸው።

ሉዊስ በ1981 ላስ ቬጋስ ውስጥ አርፎ በአርሊንግተን የወታደሮች መካነ መቃብር ተቀበረ። ማርሲያኖ ይበልጣል የምትሉ ካላችሁ፣ ለሚቀጥለው እትም ጻፉና እንከራከር።