ቅዱስ ሄሮኒሞስና በከፊል የተጠቀሰው ምስጋና

በመንፈሳውያን መጽሔቶችና በራሪ ጽሑፎች የአንድ ታላቅ ሊቅ ስም ተጠርቶ፣ ከመጽሐፉም ጥቂት መስመር ተወስዶ ለጸሐፊው ሐሳብ ማጽኛ ሲሆን ብዙ ጊዜ እናነባለን። ሊቁ ከዚያ ቀጥሎ ምን እንዳለ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ይህ ፈተና በዘመናችን የተጀመረ አይደለምና የቅዱስ ሄሮኒሞስን (ጀሮምን) ሕይወት በዚህ እትማችን ልናስታውስ ወደድን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሄሮኒሞስ በ4ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ገደማ ስትሪዶን በምትባል ከተማ ከክርስቲያን ወላጆች ተወለደ። በሮም ተምሮ በዚያው ተጠመቀ። በወጣትነቱ በአኲሌያ ከነበሩት መንፈሳውያን ወንድሞች መካከል የቅርብ ወዳጁ ሩፊኖስ ነበረ። ሄሮኒሞስ ወደ ምሥራቅ ተጉዞ በሶርያ በረሓ ዕብራይስጥ አጠና፤ በአንጾኪያም ማዕርገ ክህነትን ተቀበለ። ከ382 ዓ.ም. ጀምሮ በሮም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳማሶስን አገለገለ። እርሳቸውም የላቲኑን ወንጌላት እንዲያርም አዘዙት፤ ኋላ ቩልጋታ የተባለው ትርጉም መነሻው ይህ ሥራ ነው። በ386 ዓ.ም. በቤተ ልሔም ተቀመጠ፤ ቅድስት ጳውላም በዚያ ገዳማትን አሠራች።

በዚያን ጊዜ የእስክንድርያው ሊቅ የኦሪጀን መጻሕፍት ብዙዎችን ያከራክሩ ነበር። ሄሮኒሞስ ቀደም ሲል የኦሪጀንን ስብከቶች ወደ ላቲን ሲተረጉም በመቅድሙ እጅግ አመስግኖት ነበር። በ393 ዓ.ም. ክርክሩ ወደ ፍልስጥኤም ሲደርስ ግን የኦሪጀንን ስሕተቶች ተቃወመ። በኢየሩሳሌም በደብረ ዘይት ይኖር የነበረው ሩፊኖስ ለመንቀፍ አልፈቀደም። ወዳጆቹ ተጣሉ፤ በ397 ዓ.ም. ታረቁ።

ዕርቁ አልጸናም። ሩፊኖስ ወደ ኢጣልያ ተመልሶ፣ በ398 ዓ.ም. ኦሪጀን ስለ እምነት መሠረቶች የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ ተረጐመ። መናፍቃን ጨመሩት ብሎ ያሰበውን እንደ ተወና እንዳስተካከለ በመቅድሙ ገለጠ። በዚያው መቅድም፣ ስሙን ሳይጠራ፣ ሄሮኒሞስ ለኦሪጀን የሰጠውን ምስጋና ለሥራው ድጋፍ አድርጎ አነሣ። ምስጋናው እውነተኛ ነበረ፤ ከምስጋናው በኋላ የመጣው ተቃውሞ ግን በዝምታ ታለፈ። ስለዚህ በሮም ያሉ አንባብያን ሄሮኒሞስን የኦሪጀን ትምህርት ደጋፊ አድርገው ሊቈጥሩት ይችሉ ነበር።

ሄሮኒሞስ መጽሐፉን ምንም ሳያስቀር ቃል በቃል በመተርጐም መለሰ። ኦሪጀንን ያመሰገነው ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜው እንጂ ስለ እምነት ትምህርቱ እንዳልሆነም አስረዳ። ሩፊኖስ በበኩሉ ከሄሮኒሞስ የኤፌሶን መልእክት ትርጓሜ የኦሪጀን ሐሳብ ያለባቸውን ክፍሎች እየለቀመ ከሰሰው። ሄሮኒሞስም የተርጓሚ ልማድ የሌሎችን አሳብ ጭምር ማቅረብ መሆኑን መለሰ። መራራው ክርክር የቅዱስ አውግስጢኖስን ልብ አሳዘነ። ሩፊኖስ በሲሲልያ ካረፈ በኋላ እንኳ የሄሮኒሞስ ብዕር አልለዘበም፤ ቅዱሳንም ከድካም ነጻ እንዳልነበሩ ከዚህ እንማራለን። ሄሮኒሞስ በ420 ዓ.ም. በቤተ ልሔም ዐረፈ፤ በዓሉም በሴፕቴምበር 30 ቀን ይከበራል።

ዛሬ የዚያ መጽሐፍ የግሪክ ቅጂ፣ ከቁርጥራጮቹ በቀር፣ አይገኝም፤ የሄሮኒሞስም ሙሉ ትርጉም ጠፍቷል። በሙሉ የደረሰን የሩፊኖስ ትርጉም ብቻ ነው። ስለዚህ ሊቃውንት የኦሪጀንን እውነተኛ ቃል በብዙ ድካም ይፈልጋሉ። አንድ ሰው በበጎ አሳብ እንኳ የቀነሰው ቃል ለብዙ ትውልድ ሊጐድል እንደሚችል ልብ እንበል።

የተወደዳችሁ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ የሊቅ ቃል ስንጠቅስ ከፊቱና ከኋላው ያለውን እናንብብ። ጸሐፊው የራሱን አሳብ ይናገር እንደሆነ ወይም የሌላውን ያቀርብ እንደሆነ እንለይ፤ ኋላም አሳቡን ለውጦ እንደሆነ እንጠይቅ። ይህን ማድረግ ካልቻልን የሊቁን ስም ትተን ያመንነውን በራሳችን ቃል እናስተምር። እውነት የተቀነሰ ምስክር አያሻትም፤ እኛ ካህናትም ለስብከት ስንቸኩል ይህን አንርሳ። የቅዱስ ሄሮኒሞስ ጸሎት ይርዳን፤ አሜን።