የምድርን ሙቀትና ኤሌክትሪክ የለኩት ሮበርት ፎክስ

በደቡብ ጎንደር ዞን ደራ ወረዳ እንደሚገኘው ዋንዛዬ ያለ ፍል ውኃ ከመሬት ፈልቆ መታየቱ ብቻ በየትኛው የዓለት ስንጥቅ እንደሚመጣ አያመለክትም። ይህንኑ ስውር መንገድ ለማወቅ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ምድር በራሷ የምታመነጨውን ደካማ ኤሌክትሪክ መለካት ሲሆን፣ የዘዴው መነሻ የእንግሊዛዊው ሮበርት ዌር ፎክስ ሥራ ነው።

ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1789 በኮርንዎል ግዛት በፋልማውዝ የወደብ ከተማ ተወለዱ። ቤተሰባቸው በመርከብ ወኪልነትና በብረት ማቅለጥ ሥራ የተሰማራ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያልገቡት ፎክስ የምርምር ቦታቸው ያደረጉት የአካባቢውን የመዳብና የቆርቆሮ ማዕድን ጉድጓዶች ነው።

በዘመኑ በጉድጓዶቹ ውስጥ የሚሰማው ሙቀት ከሠራተኞች ትንፋሽ፣ ከሻማና ከባሩድ የመጣ ነው የሚሉ ነበሩ። ፎክስ ከ1815 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት ባደረጉት ልኬት ሙቀቱ ከምድር እንደሚመነጭና ጥልቀት በጨመረ ቁጥር እንደሚጨምር አረጋገጡ።

በ1830 ባሳተሙት ጥናትም የመዳብ ሰሌዳዎችን በማዕድን ደም ሥሮች ላይ አጣብቀው በሽቦ ከመለኪያ መሣሪያ ጋር ሲያገናኙ መርፌው መንቀሳቀሱን ገለጹ። በዚህም ከምድር ውስጥ የተፈጥሮ ኤሌክትሪክ መኖሩ ታወቀ።

በእንፋሎት ኃይል ፍለጋ የሙቅ ውኃ በስንጥቅ ውስጥ መፍሰስና የሙቀት ልዩነት ተመሳሳይ ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ። ባለሙያዎች የመዳብ ሰልፌት ውሕድ የተሞሉ ውኃ አሳላፊ ማሰሮዎችን መሬት ላይ በመስመር እያስቀመጡ ልዩነቱን በሚሊቮልት ይለካሉ፤ ልኬቱ በድንገት የሚለወጥበት ሥፍራ ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። የዝናብ ውኃና የመሬቱ አቀማመጥም ልኬቱን ስለሚያዛቡት ውጤቱ ከሌሎች ጥናቶች ጋር መመሳከር ይኖርበታል።

የስንጥቆች ጥቅም በአገራችን አሉቶ ላንጋኖ ታይቷል። ከ1981 እስከ 1986 ከተቆፈሩት 8 ጥልቅ ጉድጓዶች በቂ እንፋሎት የሰጡት ከፊሎቹ ብቻ ናቸው፤ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት የተገኘው በእሳተ ገሞራው ላይ በሚያልፈው የስንጥቅ መስመር በተቆፈሩት ነው። ቁፋሮ እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ቦታውን በቅድሚያ በአነስተኛ ወጪ ማጥናት የሕዝብን ሀብት ከብክነት ይጠብቃል።

በ1848 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል የሆኑት ፎክስ በ1877 በ88 ዓመታቸው አረፉ። የምድርን ሙቀትና የምድርን ኤሌክትሪክ ለየብቻ የለኩ ሲሆን፣ ሁለቱ በእንፋሎት ኃይል ፍለጋ በአንድነት ሥራ ላይ የዋሉት ከእርሳቸው ዘመን በኋላ ነው።