የዶክተር ዊልያም ሃልስቴድ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ኦፕራሲዮን የሚያደርግ ሐኪም ሁሉ የላስቲክ ጓንት ሳያጠልቅ በሽተኛውን አይነካም። ይህን ልማድ በሕክምና ቤት ካስለመዱት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ዶክተር ዊልያም ስቱዋርት ሃልስቴድ ናቸው። ስማቸው በሕክምና ትምህርት ቤቶች እጅግ የታወቀ ነው፤ የሕይወታቸውን እኩሌታ ያህል ከሱስ ጋር ሲታገሉ እንደ ኖሩ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ታሪካቸውን ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃልስቴድ በ1852 በኒው ዮርክ ከተማ ከባለጸጋ የነጋዴ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በዬል ኮሌጅ ሳሉ ከመጽሐፍ ይልቅ ኳስ ይወዱ ነበር፤ የኮሌጁም የኳስ ቡድን አለቃ ነበሩ። በኋላ ግን ልባቸው ወደ ሕክምና አዘነበለና በ1877 ዶክተር ሆኑ። ከዚያም ወደ አውሮፓ ተሻግረው በቪየናና በሌሎችም ከተሞች ሁለት ዓመት ያህል ተማሩ። በዚያን ጊዜ ደስተኛ፣ ደፋርና እጀ ፈጣን ሐኪም ነበሩ። በ1881 እኅታቸው ወልደው ደም ሲፈሳቸው፣ ሃልስቴድ ከገዛ ክንዳቸው ደም ቀድተው ሰጥተው ከሞት አዳኑዋቸው።

በ1884 ካርል ኮለር የሚባሉ የዓይን ሐኪም፣ ኮኬይን ዓይን ላይ ጠብ ሲደረግ ሕመምን እንደሚያደነዝዝ በቪየና አገኙ። ሃልስቴድም ይህን ሰምተው ከባልደረቦቻቸው ጋር መድኀኒቱን በገዛ ሰውነታቸው ላይ በመርፌ ይሞክሩ ጀመር። ነርቩ አጠገብ ቢወጋ ከዚያ ወዲያ ያለው የሰውነት ክፍል በሙሉ እንደሚደነዝዝ አረጋገጡ። ዛሬ የጥርስ ሐኪም መንጋጋችንን አደንዝዞ ጥርስ ሲነቅልልን የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ነገር ግን ኮኬይኑ በደም እየተጓዘ አንጎላቸውም ይደርስ ነበር። በዚያን ዘመን ብዙ ሐኪሞች ክፋቱን አላወቁም፤ እንዲያውም ሲግመንድ ፍሮይድ በዚያው በ1884 ድካምንና ትካዜን የሚያርቅ መድኀኒት ነው ብለው ጽፈው ነበር። ከሃልስቴድ ባልደረቦችም አያሌዎቹ በሱስ ተያዙ። ሃልስቴድ ራሳቸው በ1885 ያሳተሙት ጽሑፍ ዐረፍተ ነገሩ የተወሳሰበ፣ ሐሳቡም የማይያዝ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ለምን እንደ ሆነ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ1954 ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር በሞንትሪያል በማክጊል ዩኒቨርሲቲ በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ አይጧ ራሷ ዘንጉን ስትጫን ጥቂት ኤሌክትሪክ እንዲደርሳት አደረጉ። ሽቦው የደስታውን ስፍራ ሲያገኝ አይጧ ዘንጉን ደጋግማ ትጫን ነበር። በዚህ ስፍራ ከዋነኞቹ መልእክተኞች አንዱ ዶፓሚን የሚባለው ቅመም ነው። ስንበላ ወይም ከወዳጅ ጋር ስንጫወት በመጠኑ ይመነጫል፤ መልእክቱን ካደረሰም በኋላ ወደ ወጣበት ሕዋስ ይመለሳል። ኮኬይን ግን የመመለሻውን በር ስለሚዘጋው ዶፓሚን ከልክ በላይ ይጠራቀማል። ይህ ሲደጋገም አንጎል ጎርፉን ለመቋቋም መቀበያዎቹን ይቀንሳል። ከዚያ ወዲያ ምግቡም ጨዋታውም ሥራውም ጣዕም ያጣል፤ መድኀኒቱ የቀረ ዕለት ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ከባድ ትካዜ ይወርዳል። ስለዚህ ሱሰኛው በመጨረሻ የሚወስደው ለደስታ ሳይሆን ከጭንቀቱ ለማምለጥ ነው።

ሃልስቴድ በ1886 በፕሮቪደንስ ከተማ በተለር ሆስፒታል ገብተው ብዙ ወራት ታከሙ። በዚያም ኮኬይኑን ለማስጣል ሞርፊን ስለ ተሰጣቸው በአንዱ ሱስ ላይ ሌላ ተጨመረባቸው። ወዳጃቸው ዶክተር ዊልያም ዌልች ግን አልተዋቸውም፤ ወደ ባልቲሞር ጠርተው በቤተ ሙከራ ሥራ አስጀመሩዋቸው። የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በ1889 ሲከፈት በዚያ የኦፕራሲዮን ሐኪም ሆኑ፤ በ1892ም ፕሮፌሰር ተባሉ። ነርሷ ካሮላይን ሃምፕተን እጃቸው በጀርም ማጥፊያው ስለ ቆሰለ፣ ጉድየር ከሚባለው ኩባንያ ቀጭን የላስቲክ ጓንት አሠሩላቸው፤ በ1890ም አገቡዋቸው። የቡአንና የጡት ነቀርሳን ኦፕራሲዮን አሻሻሉ። ወጣት ሐኪሞችም በሆስፒታል ውስጥ ለዓመታት እየሠሩ የሚሠለጥኑበትን ሥርዐት አቋቋሙ።

ሆኖም የቀድሞው ተጫዋች ሰው ዝምተኛና ብቸኛ ሆነው፣ እጃቸውም ዝግተኛና ጥንቁቅ ሆኖ ነበር። በ1922 ከሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን በኋላ በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። ሞርፊኑን ለብዙ ዘመን በስውር ይወስዱ እንደ ነበረ በይፋ የታወቀው ግን፣ ባልደረባቸው ዶክተር ዊልያም ኦስለር ጽፈው ያኖሩት ማስታወሻ በ1969 በታተመ ጊዜ ነው።

እኛ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ዕውቀት ብቻውን ከሱስ አጥር እንደማይሆን ነው፤ ሰውየው ሐኪም ነበሩና። እኛም ለፈተና እንድንበረታ ተብሎ የጫት ቅጠል ሲቀርብልን፣ በውስጡ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንን የሚያስፈስስ መሆኑን እናስታውስ። ሁለተኛው፣ ሱስ የአንጎል ሕመም ስለ ሆነ፣ የታመመውን ሰው ስድብና ነቀፋ ወደ ባሰ ስውርነት እንጂ ወደ ጤና እንደማይመልሰው ነው። ዌልች ወዳጃቸውን ቢንቁና ቢያርቁ ኖሮ ዓለም ከሃልስቴድ ያገኘችው ጥቅም ሁሉ በቀረ ነበር። ስለዚህ ከመካከላችን አንዱ ቢወድቅ ሳንሸሽገውና ሳናሳፍረው ወደ ወላጅ፣ ወደ መምህርና ወደ ሐኪም ልናደርሰው ይገባናል።