ቡና ለቃሚው ለምን ድሃ ሆነ? የሰር አርተር ሉዊስ የሕይወት ታሪክ



በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ምሁር የሀገራችን ሰው አይደሉም። በካሪቢያን ባሕር ውስጥ ካሉት ትናንሽ ደሴቶች በአንዲቱ የተወለዱ፣ አያት ቅድመ አያቶቻቸው በባርነት ከአፍሪካ የተጋዙ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመራመሩበት የኖሩት ጥያቄ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ይኸውም ከጧት እስከ ማታ የሚለፋ ገበሬ ለምን ድሃ ሆኖ ይቀራል የሚለው ነው። ስማቸው ዊልያም አርተር ሉዊስ ይባላል። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የልማት ኢኮኖሚክስ ተብሎ የሚሰጠውን ትምህርት ከመሠረቱት ሰዎች በግንባር ቀደምትነት የሚጠሩ ናቸው። ከዚህ በታች የምታነቡት ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ።

አርተር ሉዊስ የተወለዱት ጃንዋሪ 23 ቀን 1915 በሴንት ሉሲያ ደሴት፣ ካስትሪስ በተባለችው ዋና ከተማ ነው። ደሴቲቱ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። አባታቸውም እናታቸውም ከአንቲጓ ደሴት የመጡ መምህራን ነበሩ። ከአምስት ወንዶች ልጆች አራተኛው እርሳቸው ናቸው።

ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ታመሙና ከትምህርት ቤት ቀሩ። አባታቸው ልጁ ወደ ኋላ እንዳይቀር ሰግተው እቤት ያስተምሯቸው ጀመር። ትምህርት ቤቱ በሁለት ዓመት የሚያስተምረውን በሦስት ወር ስላስጨረሷቸው፣ ድነው ሲመለሱ ከአራተኛ ክፍል ወደ ስድስተኛ ክፍል ተዛወሩ። ይህማ ትልቅ ዕድል ነው ትሉ ይሆናል። እርሳቸው ግን እንደዚያ አላዩትም። ከዚያ ጀምሮ እስከ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ድረስ የክፍልም ሆነ የሥራ ጓደኞቻቸው በሁለትና በሦስት ዓመት የሚበልጧቸው ሆኑ። በጉልበትም በጨዋታም ከሁሉ ስለሚያንሱ፣ ከፍተኛ ማርክ ማለት ሁሉ ነገር እንዳልሆነ ገና በልጅነታቸው ተረዱ። (ስንተኛ ወጣህ እያላችሁ ልጆቻችሁን መቆሚያ መቀመጫ የምታሳጡ ወላጆች ይህቺን ብታስቡባት ደስ ይለኛል።)

አባትየው በዚያው ሰሞን ሞቱ። እናትየው ከአምስት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ዕድሜ ያላቸውን አምስት ወንዶች ልጆች ይዘው ብቻቸውን ቀሩ። ሱቅ ከፍተው፣ ነግደው፣ ሁሉንም ልጆች አሳደጉ። አርተር ሉዊስ ትምህርት ቤት ውስጥ ወንዶች ልጆች ወንድ ከሴት ይበልጣል እያሉ ሲፎክሩ ሲሰሙ እነዚህ ልጆች ዕብዶች ናቸው ወይ እያሉ ይገረሙ እንደነበር በኋላ ጽፈዋል። እቤታቸው የሚያዩት ሌላ ነበርና።

በአሥራ አራት ዓመታቸው ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረውን ሁሉ ጨረሱ። ከዚያስ? በካምፓችን ትምህርት ጨርሳችሁ ስኮላርሺፕ የምትጠባበቁ ልጆች ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት። እንግሊዝ አገር የሚያስተምረው የመንግሥት ስኮላርሺፕ ነበረ፤ ነገር ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላ ዩኒቨርሲቲ መግባት ስለማይቻል ለፈተናው መቀመጥ አይችሉም ነበር። በመሆኑም በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። እዚያም ደብዳቤ ማርቀቅ፣ ታይፕ መምታት፣ ፋይል ማስተካከልና ሥራን በሥርዓት መያዝ ተማሩ። በኋላ ያን ያህል ብዙ መጻሕፍት ለመጻፍ የበቁበት ልማድ የተገኘው ከዚህ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ይቆጫቸው ነበር። እነዚያ ዓመታት ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ ንባብ የተመቹ ሆነው ሳለ በበቂ ሁኔታ ሳያነቡባቸው አለፉ። እኔም ዩኒቨርሲቲ ጀምሬ ሳልጨርስ የወጣሁ ነኝና ይህ ቁጭት ይገባኛል። የመጻሕፍት መደርደሪያችን ትንሽ ቢሆንም ክፍት ነው።

በ1932 ተፈትነው ስኮላርሺፑን አገኙ። ምን ይማሩ? ፍላጎታቸው መሐንዲስ መሆን ነበር። ግን ቅኝ ገዢው መንግሥትም ሆነ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎቹ ባለቤቶች ጥቁር መሐንዲስ አይቀጥሩም። ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ሰባኪ ወይም መምህር መሆን ይቻል ነበር፤ ወደነዚህ ግን ልባቸው አላዘነበለም። ስለዚህ የንግድ ሥራ ትምህርት መረጡና በ1933 ሎንዶን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ገቡ። በትምህርቱ ዝርዝር ውስጥ ኢኮኖሚክስ የሚባል ነገር አለበት፤ ምን እንደሆነ ግን ያኔ አያውቁም ነበር። በዚህ ባላወቁት ትምህርት ነው ዓለም ያወቃቸው።

በ1937 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። በ1938 እዚያው መምህር ሆኑ። በዚያ ትምህርት ቤት ያስተማሩ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እርሳቸው ናቸው። በ1940 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ከዚያ በኋላ የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ለመሆን ቢያመለክቱም የቆዳቸው ቀለም እንቅፋት ሆነባቸው። በ1948 ግን በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰርነት ተቀበላቸው።

ማንችስተር ላይ ሁለት ነገሮች ሠሩ። አንደኛው ብዙም የማይወራ ነው። ከካሪቢያንና ከአፍሪካ የመጡ ስደተኛ ሠራተኞች በከተማው ድሃ ሰፈሮች ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። አርተር ሉዊስ ከሌሎች ጋር ሆነው ገንዘብ አሰባስበው በ1953 ሳውዝ ሂዩም የተባለ የማታ ትምህርት ማዕከል እንዲከፈት አደረጉ። ቀን ሲሠሩ የዋሉ ሰዎች ማታ ማታ ሙያና ትምህርት ይቀስሙበት ጀመር። በኩራዝ ለምናስተምር መምህራን ይህ ደስ የሚያሰኝ ዜና ነው።

ሁለተኛው ትልቁ ሥራቸው ነው። ከእስያና ከአፍሪካ የሚመጡ ተማሪዎች በየዓመቱ እየበዙ ሄዱ። እነዚህ ተማሪዎች የሀገሮቻቸውን ድህነት ጉዳይ እያነሱ በጥያቄ ሲያጣድፏቸው፣ መጽሐፍ ላይ ያለው መልስ እንደማያጠግብ ተረዱ። በ1950 ገደማ ስለ ልማት ኢኮኖሚክስ በሥርዓት ማስተማር ጀመሩ። ሁለት ነገሮች ግን እንቆቅልሽ ሆነውባቸው ነበር። አንደኛ፣ ቡና ከብረት ጋር ሲወዳደር ዋጋው እንዲህ የረከሰው ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ በእንግሊዝ ፋብሪካዎች ሲስፋፉ የባለቤቶቹ ትርፍ እያደገ የሠራተኛው ደመወዝ ለሃምሳ ዓመት ያህል ከቦታው ሳይንቀሳቀስ የቆየው ለምንድን ነው?

በኦገስት 1952 ታይላንድ ውስጥ ባንኮክ ከተማ መንገድ ለመንገድ ሲሄዱ የሁለቱም መልስ አንድ መሆኑ በድንገት ታያቸው። እስቲ በቀላሉ እንየው።

አንድ ቤተሰብ አምስት ጎልማሶች አሉት እንበል። መሬቱ ግን የሁለት ሰው ሥራ ብቻ ነው። አምስቱም ያችኑ እየተካፈሉ ይሠራሉ፣ ያችኑ እየተካፈሉ ይበላሉ። ሦስቱ ወደ ከተማ ቢሄዱ እህሉ ብዙ አይቀንስም። ስለዚህ ባለ ፋብሪካው እቤት ከሚበሉት ትንሽ ብልጫ ከሰጣቸው ይበቃዋል፤ ሠራተኛ ሞልቶለታል። ደጃፍ ላይ ሰልፍ እስካለ ድረስ ደመወዝ አይጨምርም። ባለ ፋብሪካው ትርፉን መልሶ ሥራ ላይ ካዋለው ሌላ ፋብሪካ ይከፈታል፣ ሰልፉም ያጥራል። ደመወዝ ከፍ ማለት የሚጀምረው ሰልፉ ያለቀ ዕለት ነው። ትርፉ ለድግስና ለጌጥ ከዋለ ግን ሰልፉ ባለበት ይቀራል። ይህን ሐሳብ በ1954 በአንድ ረጅም ጽሑፍ አወጡት።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ፤ ቡና ለኛ ሰው እንግዳ አይደለምና። አንድ ሰው ቡና ከመልቀም ይልቅ ለራሱ እህል ቢያመርት ምን ያገኛል? አርተር ሉዊስ በኋላ እንዳሰሉት፣ በ1900 ገደማ በእንግሊዝ አገር አንድ ሄክታር መሬት 18 ኩንታል ያህል ስንዴ ሲሰጥ፣ በሐሩር አገሮች ግን የሚገኘው እህል 8 ኩንታል ገደማ ነበር። የእንግሊዙ ገበሬ ከ18 ኩንታሉ ያነሰ ዋጋ ላለው ሥራ እርሻውን አይተውም። የሐሩር አገሩ ገበሬ ግን ከ8 ኩንታሉ ትንሽ የሚበልጥ ካገኘ ቡና ይለቅማል። ስለዚህ የቡና ዋጋ የተወሰነው ቡናው መጥፎ ስለሆነ ወይም ለቃሚው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ከጀርባው ያለው የእህል ማሳ ስላላመረተ ነው። የቡናውን ምርት ብቻ ብታበዙ ዋጋው ይወርድና ጥቅሙ ለገዢው ይሄዳል። የገበሬውን አቅም የሚያጠነክረው የእህሉ ማሳ ሲሻሻል ነው። እኔ በበኩሌ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይህን አበልጣለሁ።

ሁሉም ሰው አልተስማማም። አሜሪካዊው ቴዎዶር ሹልትዝ በ1918 እና 1919 በኅንድ በኢንፍሉዌንዛ ብዙ ሕዝብ ሲያልቅ የታረሰው መሬትም እንደቀነሰ አሳይተው፣ በገጠር ትርፍ እጅ የሚባል ነገር የለም ሲሉ ተከራከሩ። በአጨዳ ወቅት አንድም እጅ እንደማይተርፍ እናንተ ወላጆች ከማንም በላይ ስለምታውቁ በዚህ ነጥብ የሹልትዝ ክርክር ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። የሚገርመው በ1979 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ለእነዚሁ ለሁለቱ በአንድነት መሰጠቱ ነው። ከሰላም ሽልማት በስተቀር በሌላ ዘርፍ ኖቤል ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው አርተር ሉዊስ ናቸው።

በአፍሪካ የሠሩት ሥራ በዋናነት በጋና ነው። አገሪቱ ገና ጎልድ ኮስት እየተባለች ሳለ የኢንዱስትሪን ነገር እንዲያጠኑ ተጠርተው ነበር። በ1953 ባቀረቡት ሪፖርት ያልተጠበቀ ምክር ሰጡ። ፋብሪካ ከማብዛታችሁ በፊት የእህል ምርታችሁን አሳድጉ፤ ገበሬው ተርፎት ካልሸጠ ከተሜው ምን ይበላል፣ የፋብሪካውንስ ዕቃ ማን ይገዛዋል የሚል ነበር። ጋና በማርች 1957 ነጻ ስትወጣ፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት፣ ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ክዋሜ ንክሩማ የኢኮኖሚ አማካሪያቸው አደረጓቸው። ንክሩማ ታላላቅ ሥራዎችን ቶሎ ማየት ይፈልጋሉ፤ አርተር ሉዊስ ደግሞ እያንዳንዱ ስንት ያወጣል፣ ምን ይመልሳል እያሉ ይጠይቃሉ። በመጨረሻ ንክሩማ ምክሩ በኢኮኖሚ ረገድ ትክክል ሊሆን እንደሚችል፣ ነገር ግን እርሳቸው ፖለቲከኛ ስለሆኑ በወደፊቱ ላይ መወራረድ እንዳለባቸው ጻፉላቸው። አርተር ሉዊስም የተቀጠሩበት ጊዜ ሳያልቅ በ1958 መጨረሻ ጋናን ለቀው ሄዱ። ደመወዝና ክብር እያለ ያላመኑበትን ዕቅድ መፈረም አልፈለጉም። ንክሩማንም ቢሆን ከነአካቴው መውቀስ አይገባም፤ ሕዝቡ ዛሬውኑ ለውጥ የሚጠብቅበት መሪ ከአማካሪ የከበደ ሸክም አለበት።

በ1965 ስለ ምዕራብ አፍሪካ ፖለቲካ አነስ ያለች መጽሐፍ አወጡ። ብዙ ምሁራን የአንድ ፓርቲ አገዛዝ ለአፍሪካ ይስማማል ይሉ በነበረበት ሰዓት እርሳቸው አይስማማም ብለው ጻፉ። ልዩ ልዩ ብሔረሰቦች በሚኖሩበት አገር ያሸነፈው ወገን ሁሉን ጠቅልሎ የተሸነፈውን ከደጅ ቢያስቀር አገር አይጸናም፤ ሥልጣን በጋራ መያዝ አለበት የሚል ነበር ክርክራቸው። በፌብሩዋሪ 1966 ንክሩማ በወታደሮች ተገለበጡ። በ1968 አርተር ሉዊስ ወደ ጋና ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው ስለ ኢኮኖሚ ልማት ተከታታይ ንግግሮች አደረጉ፤ ንግግሮቹም በዓመቱ በመጽሐፍ ታትመዋል።

ልማት ለምን ያስፈልጋል ለሚለው በ1955 ባሳተሙት የኢኮኖሚ ዕድገት መጽሐፋቸው መጨረሻ ላይ የሰጡት መልስ ለየት ያለ ነው። ሀብት ሰውን ደስተኛ ያደርጋል አላሉም። ሀብት ለሰው ምርጫ ይሰጠዋል ነው ያሉት። ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቀሙትም ሴቶች እንደሆኑ አስረድተዋል፤ ውሃ ከመቅዳት፣ እህል ከመፍጨትና ሸክም ከመሸከም ይገላገላሉና። ቧንቧ ላይ ጄሪካን ይዛችሁ የምትሰለፉ እናቶችና ልጃገረዶች ይህን ለማመን መጽሐፉን ማንበብ አያስፈልጋችሁም።

ቀሪው ዘመናቸው በማስተማርና በማስተዳደር አለፈ። ከ1959 ጀምሮ የዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን መሩ፤ በ1962 ኮሌጁ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚያው ዓመት የካሪቢያን ደሴቶች ፌዴሬሽን ሲፈርስ ለማዳን ከደሴት ደሴት እየዞሩ ቢለምኑም አልሆነላቸውም። በ1963 የሰር ማዕረግ ተሰጣቸው፤ በዚያው ዓመት አሜሪካ ሄደው በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ እስከ 1983 አስተማሩ። በመሐል የካሪቢያን ልማት ባንክ ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ባለቤታቸው ግላዲስ ጄኮብስ የግሬናዳ ተወላጅ ሲሆኑ ሁለት ሴቶች ልጆች ወልደዋል።

ሰር አርተር ሉዊስ ጁን 15 ቀን 1991 ባርቤዶስ ውስጥ አረፉ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላው የሴንት ሉሲያ ልጅ ባለቅኔው ዴሬክ ዋልኮት የሥነ ጽሑፍ ኖቤል አገኙ፤ እርሳቸውም የተወለዱት በጃንዋሪ 23 ቀን ነው። የአርተር ሉዊስ ምስል በምሥራቅ ካሪቢያን የመቶ ዶላር ኖት ላይ ታትሟል። የተቀበሩት በትውልድ ደሴታቸው፣ በስማቸው በተሰየመው ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ነው። ኮሌጁ የሚገኘው ካስትሪስን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ፣ ድሮ የእንግሊዝ ጦር ሰፍሮበት በነበረው ቦታ ነው።