ድያን ቻንድ፤ ግብ ከመቆጠሩ በፊት የነበረው ጨዋታ

እ.ኤ.አ. በ1928 ዓ.ም. በአምስተርዳም በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር የህንድ የሆኪ ቡድን 29 ግብ ሲያስቆጥር አንድም አልገባበትም። ከእነዚህ ውስጥ 14ቱን ያስቆጠረው ድያን ቻንድ የተባለ የ22 ዓመት ወታደር ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስለዚህ ሰው የሚወራው ሁሉ ወደ ተረት ያደላ ነው። በሆላንድ አገር ባለሥልጣኖች በዱላው ውስጥ ማግኔት ተደብቆ እንደሆነ ለማረጋገጥ ሰብረው መረመሩት እየተባለ ይነገራል። ወሬው ጆሮን ይስባል እንጂ ለሙያው ሰው የሚሰጠው ትምህርት የለም። የድያን ቻንድ ግብ እንዴት ይበስል እንደነበር ለመረዳት የሚያስፈልገው ዱላውን መስበር ሳይሆን፣ በዘመኑ ይሠራበት የነበረውን ሕግና በግራና በቀኙ የተሰለፉትን ጓደኞቹን መመልከት ነው።

ድያን ቻንድ እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1905 ዓ.ም. በአላሃባድ ከተማ ተወለደ። አባቱ በእንግሊዝ ህንድ ጦር ውስጥ ወታደር ስለነበር ቤተሰቡ ከቦታ ወደ ቦታ ከተዘዋወረ በኋላ በጃንሲ ከተማ ረግቶ ኖረ። ልጁ በሕፃንነቱ የሚወደው ትግል እንጂ ሆኪ አልነበረም። ዱላ በቁም ነገር የጨበጠው በ1922 ዓ.ም. በ16 ዓመቱ በጦሩ ከተቀጠረ በኋላ ሲሆን፣ የመጀመሪያ መምህሩም በክፍሉ የነበረው ባለ ማዕረግ ባሌ ቲዋሪ ነው። የትውልድ ስሙ ድያን ሲንግ ነበር። ቀን ከሥራ ስለማይላቀቅ ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ይለማመድ ስለነበር፣ ጓደኞቹ ጨረቃ ማለት የሆነውን ቻንድን በስሙ ላይ እንደጨመሩበት ይነገራል። በ1926 ዓ.ም. የጦሩ ቡድን ወደ ኒውዚላንድ ተጉዞ ካደረጋቸው 21 ግጥሚያዎች 18ቱን ሲያሸንፍ፣ ወጣቱ የመሐል አጥቂ በውጭ አገር መታወቅ ጀመረ።

በዚያ ዘመን የመሐል አጥቂነት ቀላል ሥራ አልነበረም። በተጋጣሚው ሜዳ ከኳሱ ቀድሞ የተገኘ ተጫዋች፣ ኳሱ በሚመታበት ቅጽበት በእርሱና በግቡ መስመር መካከል ሦስት ተጋጣሚዎች ከሌሉ ከጨዋታ ውጪ ይባል ነበር። ቡድኖች የሚሰለፉት በአምስት አጥቂ፣ በሦስት አማካይ፣ በሁለት ተከላካይና በአንድ ግብ ጠባቂ ስለሆነ፣ ሦስቱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ተከላካዮችና ግብ ጠባቂው ናቸው። እንግዲህ አጥቂው ከተከላካዮቹ አንዱን እንኳ አልፎ ቆሞ ኳስ ሊጠብቅ አይችልም ማለት ነው። በዚህም ላይ ግብ የሚጸድቀው፣ ከግቡ 14 ሜትር ያህል ርቆ በተሰመረው ክብ ክልል ውስጥ አጥቂው ኳሱን ሲመታ ብቻ ነው። ስለዚህ የመሐል አጥቂ በግብ ፊት ቆሞ የሚጠባበቅ ሳይሆን ከኋላ ተነሥቶ በልኩ ጊዜ የሚደርስ ሰው መሆን ነበረበት።

የግቡ አመጣጥም ከዚህ ይመነጫል። አማካዩ ኳሱን ቀምቶ በመሐል አጥቂውና በቀኝ ክንፉ መካከል ለሚጫወተው የቀኝ ውስጥ አጥቂ ያቀብላል። ይህ ተጫዋች ኳሱን እየገፋ በቀጥታ ወደ ተከላካዩ ይሄዳል። ተከላካዩ ወጥቶ ቢገጥመው ከኋላው ቦታ ይከፈታል፤ ቢያፈገፍግ አጥቂው ወደ ክልሉ ይገባል። ተከላካዩ ለመግጠም እግሩን ባነሣበት ቅጽበት ኳሱ ወደ መሐል መለቀቅ አለበት። አንድ እርምጃ ቀድሞ ቢለቀቅ ተከላካዩ ይመለስበታል፤ አንድ እርምጃ ቢዘገይ ተቀባዩ ከጨዋታ ውጪ ይሆናል። የሆኪ ዱላ ጠፍጣፋ ገጽ አንድ ብቻ ስለሆነና ኳስ የሚመታውም በዚሁ ገጽ ስለሆነ፣ ወደ ግራ ማቀበል ወደ ቀኝ ከማቀበል ይቀላል። ከቀኝ ውስጥ አጥቂ ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ግራ ውስጥ አጥቂ የሚፈሰው ቅብብል እንግዲህ የተፈጥሮ መንገዱን ይከተላል። ድያን ቻንድ የቆመው በዚህ ሰንሰለት መካከል ነበር። ኳስ ከዱላው ጋር ተጣብቆ ይሄዳል የተባለለት ጥበቡም ተከላካዮችን ወደ ራሱ ይስብ ስለነበር፣ በግራው የነበረው ታናሽ ወንድሙ ሩፕ ሲንግ ነፃ ሆኖ ይገኝ ነበር።

ለዚህ የ1932 ዓ.ም. የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ጥሩ ምስክር ነው። ህንድ አሜሪካንን 24 ለ 1 ስታሸንፍ ሩፕ ሲንግ 10፣ ድያን ቻንድ 8 ግብ አስቆጥረዋል። ቡድኑ በ1935 ዓ.ም. ወደ ኒውዚላንድ ባደረገው ጉዞም 48 ግጥሚያዎች ተጫውቶ 584 ግብ ሲያገባ፣ ከእነዚህ 201ዱ የድያን ቻንድ ነበሩ። ይህ ለአንድ ሰው እጅግ ብዙ ነው፤ ነገር ግን የቀሩት 383 ግቦች ሌሎቹም የሚቀምሱበት ጨዋታ እንደነበር ያሳያሉ።

የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ሲጎድል ምን እንደሚከተል የታየው በ1936 ዓ.ም. በበርሊን ነው። ድያን ቻንድ በአምበልነት የመራው ቡድን ከውድድሩ በፊት በተደረገ የልምምድ ግጥሚያ በጀርመኖች 4 ለ 1 ተሸነፈ። የመሐል አጥቂው ያው ሆኖ ሳለ በቀኙ የነበረው ቦታ አልሞላ ብሎ ነበር። ወዲያው ወደ አገር ቤት መልእክት ተላከና ዓሊ ዳራ በአውሮፕላን መጥቶ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፤ ፈረንሳይም 10 ለ 0 ተሸነፈች። በዝናብ ምክንያት አንድ ቀን ተላልፎ ኦገስት 15 በተደረገው የፍጻሜ ግጥሚያ፣ ሜዳው ርጥብ ስለነበር ህንድ ከዕረፍት በፊት የመራችው 1 ለ 0 ብቻ ነበር። ከዕረፍት መልስ ድያን ቻንድ ባለ ሹል ጫማውን አውልቆ ገባ። ጨዋታው 8 ለ 1 ሲያልቅ ግቦቹ ለዳራም፣ ለሩፕ ሲንግም፣ ለሌሎችም ተከፋፍለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ የኦሊምፒኩን ዘመን ቆረጠው። በ1947 ዓ.ም. አገሪቱ ስትከፈል የአጥቂው መስመርም አብሮ ተከፈለ፤ ዳራ በ1948 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ የፓኪስታን ቡድን አምበል ሆነ። ድያን ቻንድ በ1956 ዓ.ም. በሻለቃነት ማዕረግ ከጦሩ ጡረታ ወጥቶ በዚያው ዓመት ፓድማ ቡሻን የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። በፓቲያላ የስፖርት ተቋምም ለወጣቶች የሆኪ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ አገለገለ። የመጨረሻ ዓመታቱ ግን የችግር ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1979 ዓ.ም. በዴልሂ በጉበት ካንሰር ሲሞት እጅ አጥሮት ነበር። ዛሬ የልደቱ ቀን በአገሩ ብሔራዊ የስፖርት ቀን ሆኖ ይከበራል፤ ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮም የአገሩ ከፍተኛ የስፖርት ሽልማት በስሙ ይጠራል።

ክብሩ ዘግይቶ ቢመጣም ተገቢ ነው። ሆኖም የግጥሚያ መዝገብ የሚጽፈው ኳሱን በመጨረሻ የመታውን ሰው ስም ብቻ ነው። ኳሱን የቀማው አማካይ፣ ተከላካዩን አስወጥቶ በልኩ ጊዜ ያቀበለው ጓደኛ በመዝገቡ ላይ አይገኙም። እነዚህን አይቶ ማስተማር የአሠልጣኝ ድርሻ ነው፤ የድያን ቻንድም ሕይወት በደንብ ሲነበብ የሚያሳየው ይህንኑ ነው።